ገበያ ከመውጣት በፊት ጎተራን መለካት

ባለፈው ክረምት በቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር፣ ስለ ማሾ አዘራር ለመጠየቅ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ጎራ ብለን ነበር። እመቤቲቱ ከገበያ የተመለሱት ገና በዚያች ሰዓት ነው። በአህያ ያስጫኑት ግማሽ ኩንታል በቆሎ፣ ሁለት ኪሎ የተፈጨ ሽሮና አንድ ሊትር ዘይት ከደጃፉ ወርዷል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስንጠይቅ፣ ከጎረቤት በብድር የተገኘና ማሽላው ሲደርስ በእህል የሚመለስ መሆኑን ነገሩን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወደ ጓዳው ዘልቀን ጎታውን እንድናይ ፈቀዱልን። ከሥሩ ሁለት ሦስት ቁና የሚሆን ማሽላ ነበረበት። እጃችንን ስናስገባ ሙቀት ተሰማን፤ ስናወጣ ዱቄትና ነቀዝ ይዞ ወጣ። ከጥግ ደግሞ ዋጋው እስኪወጣ ተብሎ በጆንያ የታሰረ ማሾ ቆይቶ ፍሬው ተበሳስቷል።

ማሽላው ለምን ቀደም ብሎ እንዳልተፈጨ ጠየቅን። «የታችኛው ነው፤ የታችኛው ለክፉ ቀን ይቀመጣል» አሉን። ነገር ግን ክፉው ቀን ደርሶ፣ ብድሩም ተበድሮ፣ በቆሎውም ተገዝቶ ነበር።

ይህን የምንጽፈው የአንድን ቤት ጉድለት ለማውጣት አይደለም። ከሮቢት እስከ አጣዬ፣ ከዚያም እስከ ካራቆሬና መኮይ ድረስ በይፋት ቆላ የሚዘዋወር የግብርና ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ በጥር ወር እህል ጭኖ የሚወርደውና በነሐሴ ባዶ ጆንያ ይዞ የሚመጣው ገበሬ ብዙ ጊዜ አንዱ ሰው ነው። ስለ ምርት ማሳደግ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ለገበሬ ማኅበር መሪዎች በየጊዜው ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ከአውድማ የገባው እህል ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ዛሬ በጽሑፍ የገጠር ቀበሌ ቢባልም በአፍ አሁንም ገበሬ ማኅበር በሚባለው አካባቢ ለምትመሩት ሁሉ ይህን ጉዳይ ማንሣት የፈለግነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት። የእርዳታ እህል ሲታደል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል የሚለው ልክ በአገራችን ሲሠራበት የቆየ ነው። ሕፃን ከዚህ ያነሰ፣ አራሽ ከዚህ የበለጠ ሊበላ ይችላል፤ በአማካይ ግን ያስኬዳል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 90 ኪሎ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የማሽላው አዝመራ በታኅሣሥ ተጠናቆ ጎተራ ይገባል እንበል። ከጥር ጀምሮ ቢቆጠር የሚቀጥለው ማሽላ እስኪደርስ አሥራ አንድ ወር ስለሆነ ቤቱ ወደ 10 ኩንታል ይፈልጋል። አሥር ኩንታል ያስገባ ገበሬ ለግብሩ፣ ለመዋጮውና ለሠርጉ ብሎ በጥር 3 ኩንታል ቢሸጥ የቀረው 7 ኩንታል ነው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባሉት ሰባት ወራት ቤቱ 630 ኪሎ ይበላል። ለነሐሴ የሚተርፈው 70 ኪሎ ነው፤ ይኸውም የሃያ ሦስት ቀን ቀለብ መሆኑ ነው። አሁን ነቀዝና አይጥ ከሰባቱ ኩንታል ከአሥር አንዱን እጅ ወሰዱ እንበል። ያችው 70 ኪሎ ናት የሄደችው። ለነሐሴ ምንም አልተረፈም። ከነሐሴ እስከ ኅዳር የሚበላው እንግዲህ ከገበያ የሚገዛ ነው፤ የሚገዛውም ገበሬው በጥር ከሸጠበት በላቀ ዋጋ ነው።

ገንዘብ ከሌለ ደግሞ የሚመጣው የታወቀ ነው። ማሽላው ገና ሳያሽት ባለገንዘብ ከማሳው ዳር ቆሞ ይዋዋላል። በአውድማ ላይ እህሉ ሲለካ የመጀመሪያው ቁና የሌላ ሰው ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመትም ቤቱ የሚጀምረው ከአሥር ኩንታል ሳይሆን ከስምንት ወይም ከሰባት ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት እህል ከገበሬው ጎተራ የሚወጣበት አንዱ ትልቅ በር ኮታ ነበር። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነ ዋጋ የሚገባውን ኩንታል ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ እስከማስረከብ የደረሰ ገበሬ እንደነበረ በዚያ ዘመን ማኅበር የመሩ አባቶች ያስታውሳሉ። ያ አሠራር በ1982 ዓ.ም. ቀርቷል። ዛሬ በርካሽ ሽጥ ብሎ የሚያስገድድ አዋጅ የለም። ሆኖም የግብሩና የዕዳው ጥያቄ አዝመራው ከአውድማ ሳይነሣ በአንድ ላይ የሚመጣ ከሆነ ገበሬው ያለ አዋጅ ይገደዳል። ይህን ለወረዳ ማሳሰብ የናንተው የመሪዎች ድርሻ ነው ብለን እናምናለን፤ ገበሬውን ብቻ አባካኝ ማለት ትክክል አይሆንም።

ወደ ጎታው እንመለስ። የይፋት ቆላ ችግር ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደጋው ብርድ ነቀዝ ይዝላል፤ ገብሱም ይከርማል። በቆላው ግን የማሽላና የበቆሎ ነቀዝ ከእንቁላል ተነሥቶ ሌላ እንቁላል ወደሚጥል ነፍሳት ለመድረስ ከአንድ ወር ከሳምንት የበለጠ ብዙም አይፈልግም። ሴቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ከውስጥ ታስቀምጥና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ የሚበላው ከውስጥ ሆኖ ነው። እኛ ቀዳዳ የምናየው ነቀዙ አድጎ ሲወጣ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ታየ ማለት እህሉ ከተበላ ሰንብቷል ማለት ነው። አንዲት ሴት ነቀዝ ከመቶ በላይ እንቁላል የምትጥል ስለሆነ በጥር የገቡ ጥቂት ነቀዞች እስከ ነሐሴ ስድስት ሰባት ትውልድ ይተካሉ። ከደጋ ዘመድ የተሰማ የእህል አያያዝ ምክር በሮቢት የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚያ በጥር የሚገቡት ጥቂቶች ከየት ይመጣሉ? ከማሳም ይመጣሉ። በብዛት ግን የሚመጡት ከዚያው ከታችኛው እህል ነው። በየዓመቱ አዲሱ ማሽላ በአሮጌው ላይ ይፈስሳል። የሚበላው ከላይ ስለሚቀዳ የታችኛው አይነካም። ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየው የነቀዝ ዘር ሆኖ አዲሱን ይጠብቃል። ለክፉ ቀን የተባለው እህል እንዲህ ሆኖ ለነቀዙ ደግ ቀን ይሆንለታል።

ጎታ ፈጽሞ ባዶ መሆን የለበትም፣ በረከት ይርቃል የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ መሳቅ አይገባም። የረሃብን ዘመን ያዩ ሰዎች ቃል ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ችግሩ በያኔው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ቆላ ላይ ያደረሰውን፣ በ1977 ዓ.ም. አንጾኪያ የተራበ ሕዝብ የእርዳታ እህል የሚጠብቅባት ቦታ ሆና እንደነበረ የሚያስታውሱ ዛሬም በሕይወት አሉ። ለመጠባበቂያ ማስቀረት ተገቢ ነው። የሚቀረው ግን ጤፍ ይሁን። ጤፍን ነቀዝ አይበላውም፤ ደረቅ ሆኖ ከገባ ዓመታት ይቆያል። ማሽላውና በቆሎው ተበልቶ ይለቅ፣ ጎታው ተጠርጎ በፀሐይ ይሙቅ፣ በእበት ይለቅለቅ፤ ከዚያም አንድ ቁና ጤፍ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥበት። በረከቱም አይርቅ፣ ነቀዙም አይራባ።

በርግጥ በብዙ ቤት የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጤፉ ዋጋ ስለሚያወጣ በመጀመሪያ ይሸጣል፤ ማሽላው ይቀመጣል። ጤፍ መሸጡን አንቃወምም፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሸጦ ከዚያ የበዛ ማሽላ መግዛት በተቻለበት ዓመት ብልህነት ነው። የምንለው ሽያጩ ይቆይ ነው። በጎተራ መቆየት የሚችለው ጤፍ ስለሆነ፣ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ የሚያዋጣው በጤፍ ነው። በማሽላ ዋጋ መጠበቅ ከነቀዝ ጋር መሽቀዳደም ነው።

ከማሽላውም መካከል ተራ አለው። ፍሬው ለስላሳና ጣፋጭ የሆነው ቶሎ ይነቀዛል፤ ጠንካራ ፍሬ ያለው ይቆያል። እመቤቶች ይህን ከኛ በላይ ያውቃሉ። ጅጉርቲውንና ደገሌቱን፣ ዘንጋዳውንም በየፊናው ለይቶ ማስቀመጥና ለስላሳውን አስቀድሞ መጨረስ አንዳች ገንዘብ አይጠይቅም። ሁሉም በአንድ ጎተራ ከተደባለቀ ግን ተራ መያዝ አይቻልም። ለዘር የተመረጠው ራስ ደግሞ እንደ ድሮው ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ፤ ከሚበላው ጋር አይቆጠር። በመድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ዘር ካለ በምንም ዓይነት ወደ ወፍጮ እንዳይሄድ ልጆችም ጭምር ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ስለ ማሾ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ገበሬ በማሾ የታወቀ ሆኗል። እህሉ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ውስጥ ከገባ ወዲህ ነጋዴው እስከ ማሳ ድረስ ይመጣል። በሐምሌ የተዘራ ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚደርስ የሚገባው ከማሽላው ቀድሞ፣ ጎተራው በተሟጠጠበት ሰዓት ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነበር። ይሁን እንጂ ማሾ የሚታየው እንደ ብር ብቻ ነው። ማሾውን በሙሉ ሸጦ ከዚያው ገበያ የደጋ ባቄላና የተፈጨ ሽሮ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ደግሞ ሻጩ ብቻ ነው። አንድ ሃያ ኪሎ ማሾ ለቤት ቢቀር ምን ይጎዳል? ተቆልቶና ተከክቶ ሽሮ ይሆናል፤ ንፍሮ ይሆናል፤ እንደ ምስር ክክ ወጥ ይወጣዋል። ለክርስቲያኑ በጾሙ፣ ለሙስሊሙ በረመዳን ሾርባ ይሆናል። ለሕፃናት ገንፎ ከማሽላ ዱቄት ጋር ቢቀላቀል ማሽላው ብቻውን የማይሰጠውን ገንቢ ምግብ ይሰጣል። ማሾም እንደ አተርና ሽምብራ ሁሉ የራሱ ነቀዝ ስላለው ለቤት የቀረው እስከሚቀጥለው ክረምት የሚጠበቅ አይደለም። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ተበልቶ ይለቅ። ሽሮ ሲዘጋጅም የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከመፍጨት የወሩን መፍጨት ይሻላል፤ ዱቄት ከጥሬው ቀድሞ ይበላሻል። በዚህ አጋጣሚ ጓያ ርካሽ ነው ተብሎ ያለ ሌላ እህል ቢዘወተር እግር የሚያሽመደምድ መሆኑን ማሳሰብ እንወዳለን።

የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፤ ስለዚህም የተረፈው ለከብት ይጣላል። በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ አድርጎ መያዝ ግን የአያቶቻችን ዘዴ ነው። የድርቆሽ ፍርፍር የሚበላ ቤት በእርሻ ወራት ለቁርስ ብሎ ከከተማ ዳቦ አይገዛም። በሮቢ ወንዝ መስኖ የሚለማው ሽንኩርትም ዋጋው በወደቀ ጊዜ በጆንያ ታስሮ ሲበሰብስ ይታያል። በጥላ ሥር ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ነፋስ ቢያገኝ ለቤቱ ሳምንታት ይበቃ ነበር።

ያለውን ተጠቀሙ ማለት የተበላሸውን ብሉ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። የነቀዘ እህል ተበጥሮ፣ በፀሐይ ተሰጥቶና ተነፍቶ ሊበላ ይችላል፤ ምግብነቱ ግን ቀንሷል። የሻገተ እህል ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመጋገርም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። ለጠላ ይሆናል ማለት ስሕተት ነው። ለላም ቢሰጥም በወተቷ ተመልሶ ወደ ልጆች ይመጣል። ስለዚህ የሻገተ ይጣል፤ እንዳይሻግት ግን ከመነሻው ማድረቅ ይቻላል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ደረቅ ጠርሙስ ተወስዶ ሲሶው ያህል እህል ይገባበታል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል፤ በደንብ ተወዝውዞ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ ወደ ጎተራ ሊገባ ይችላል።

ስለ መድኃኒት ብዙ አንጽፍም። በየሱቁ የሚሸጠው ፎስቶክሲን የተባለው ፍሬ በእርጥበት ጋዝ የሚሆን ገዳይ መርዝ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ሊጨመር ከቶ አይገባም። ከዚህ ይልቅ ሦስት ድርብ ያለው፣ ሁለቱ ውስጠኛ ላስቲክ የሆኑና ፒክስ የሚባለው ከረጢት ይመረጣል። በመጀመሪያ ለጥራጥሬ ተብሎ በካሜሩን የተሞከረ ሲሆን፣ በጥብቅ ሲታሰር አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። እህሉ ደረቅ መሆን አለበት፤ ከረጢቱም በየቀኑ የሚከፈት ከሆነ ጥቅም የለውም። ስለዚህ የመጋቢትና የሚያዝያ ቀለብ በጎታው፣ የሐምሌና የነሐሴው በከረጢቱ መሆን አለበት ማለት ነው። ከአይጥ ግን እንደማያድን መታወቅ አለበት፤ አይጥ ላስቲክ ይበሳል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀርብብናል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በጎተራ ያለ እህል ባለቤቱን አላዳነም፤ የሸጠና ገንዘቡን በኪሱ የያዘ ግን ይዞት ሸሸ ይላሉ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያም የአንበጣ መንጋ በማሳ ያለውን ስለበላ የሚቀመጥ ነገር ያልነበረው ቤት አለ። ይህን ያዩ ሰዎች የሚሉትን በንግግር ማስተባበል አይቻልም። የኛ አስተያየት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጥር የተሸጠ ማሽላ ገንዘብ በአብዛኛው ቤት እስከ መጋቢትም አይቆይም፤ በኪስ ያለ ገንዘብ የሚባለው ከኪስ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ሥጋቱ ባለበት አካባቢ እህልን በአንድ ጎተራ ከመሰብሰብ በሁለት ሦስት ቦታ፣ በዘመድም ቤት ጭምር መክፈል ይቻላል፤ ከረጢትም ከጎተራ ይልቅ በአህያ ይጫናል። ሥጋቱን ግን ፈጽሞ ያስወግዳል አንልም።

ከመሪዎች የሚጠበቀው ምንድን ነው? በታኅሣሥ፣ ውቂያው ሳያልቅ፣ ስብሰባ ይጠራ። በስብሰባው እመቤቶች ይገኙ። ጎታውን የሚከፍቱት፣ የሚሰፍሩት፣ ምን እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ሳለ ስለ እህል የሚመክሩት ወንዶች ብቻ መሆናቸው ለእኛ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚሄድ ቤቶች የገባውን ቁና በደብተር ቢያጽፉ፣ ለነፍስ ወከፍ በወር አካፍለው እስከ ኅዳር የሚያደርስና የማያደርስ መሆኑን ቢያዩ፣ ለሽያጭ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ ከነጋዴው በፊት እነሱ ያውቁታል። በስብሰባው የሠርግና የተዝካር ድግስ ልክ ይነገር፤ ይህን ከሽማግሌዎች፣ ከቄሶችና ከሼሆች ጋር ሆኖ ካልሆነ መሪ ብቻውን ቢናገር ጥላቻ ከማትረፍ በቀር ፋይዳ የለውም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ከረጢቶቹን ከአዝመራ በፊት እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ በየካቲት የመጣ ከረጢት የገባውን ነቀዝ አያስቀርም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ይቀራል። በሚያዝያ ማሽላው ከመዘራቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት ከጎታው ሥር ያለውን አውጥቶ ይለካ። የልማት ሠራተኛውም በዚያ ሰሞን ጠርሙሱንና ጨዉን ይዞ በየጎጡ ይዙር። ያቺ ብድር የገቡት እመቤት ጎታቸውን ጠርገው መለቅለቃቸውን በመስከረም ባለፍን ጊዜ አይተናል፤ የማሾው ጆንያ ግን አሁንም ዋጋ እየጠበቀ ነበር።